ሦስተኛውን ጥርስ ከኋላ

እኔ ፊደል ቆጥሬ ዳዊት ሳልደግም የቀረሁ ሰው ነኝ። ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ ቃል ቢወላገድባችሁ ከመሮ ጋር ያረጀ እጅ ነው ብላችሁ እለፉኝ። ብራና ላይ የሳተ ጸሐፊ ፍቆ ይመልሳል። እንጨት ላይ የሳተ አናጢ ግን ወይ አዲስ እንጨት ይፈልጋል፣ ወይ አገር ይለውጣል። እኔ ሁለቱንም አላደረግሁም። ያደረግሁትን ቀስ ብዬ እነግራችኋለሁ፤ ለመቸኮሉም ዕድሜዬ አይፈቅድልኝም።

ነገሩ የተጀመረው በአፌ ነው። ቤተ መንግሥቱ ወደ እንጦጦ ከወጣ ወዲህ አንኮበር ላይ እጁ የሚታመን አናጢ ሁሉ መሮውን በአገልግል ከትቶ ተከትሎ ሄደ። እኔ የቀረሁት አገሬን ወድጄ አይደለም፤ በቅሎዬ አንካሳ ስለነበረች ነው። ያም ሆነ ይህ፣ አንበሳው ሲሄድ ጅብ ይከበራል፤ ከአንኮበር ወረድ ብሎ ባለው ደብራችን ዙሪያ «አናጢው» መባል ጀመርኩ። ከዚያ በፊት «በር የሚያንሻፍፈው» ነበር የምባለው።

አንድ ቀን የደብራችን የዜማ መምህር መሪጌታ አስጠሩኝ። መሪጌታ ረጅም፣ ቀጭን፣ አለንጋቸውን በመቀነታቸው የሚሽጡ ሰው ናቸው። ሲቆጡ አይጮኹም፤ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ስለዚህ እሳቸው ዘንድ የምትፈራው ዝምታን ነው።

«ስማ፣» አሉኝ። «አትሮንሳችን በምስጥ ተበልቶ ከወደቀ ስንት ጊዜው ነው?»

እንዴት አላውቅ! መጽሐፍ የሚዘረጋበት አትሮንስ ከነመጽሐፉ ከተንኮታኮተ ወዲህ፣ በየበዓሉ አንድ ዲያቆን ጎንበስ ይልና ትልቁ መጽሐፍ በጀርባው ላይ ይዘረጋል። የሚያነቡት ደግሞ ዓይናቸው የደከመ አንድ ሽማግሌ ቄስ ናቸው፤ ፊደሉን እንደ ጥራጥሬ አንድ በአንድ እየለቀሙ ነው የሚሄዱት። ባለፈው በዓል ዲያቆኑ ንባቡ ካለቀ በኋላ ቀና ማለት አቅቶት እስከ ሰንበት ድረስ መሬት መሬት እያየ ሄዷል። እናቱ የጠፋባት መርፌ የሚፈልግላት መስሏት ነበር።

«እማሆይ ወለተ የዋንዛ ሳንቃ ሰጥተውናል፣» አሉ መሪጌታ። «ተማሪዎቼም እጃቸው ሥራ ይልመድ። ስምንት ልጆች አሉኝ፤ ከዜማና ከልመና በቀር የሚያውቁት የለም። አስተምረህ አሠራቸው። አትሮንስ መሥራት ታውቃለህ?»

እዚህ ላይ አላውቅም የሚል ሰው ቢሆን ኖሮ ይህ ታሪክ አልቆ ነበር። «እንዴታ!» አልኩ። «ከአንድ ሳንቃ፣ ያለ ሚስማር፣ ያለ ጠፍር፣ እንደ መጽሐፍ የሚከፈትና የሚዘጋ እሠራለሁ።»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ በእኔ ላይ ሁለቱም ደርሰዋል።

መሪጌታ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «በዓሉ አሥር ቀን ቀርቶታል። ከዚህ ሳንቃ ሌላ የለንም።» ከዚያም ዞር ብለው ትከሻዬን፣ ቀጥሎም ወገቤን ለኩኝ፤ በዓይናቸው። «ጀርባህ ሰፊ ነው፣» አሉና ሄዱ።

ሳንቃውን ለመቀበል እማሆይ ወለተ ቤት ሄድኩ። ባለቤታቸው ለበር ብለው ከቆላ በትከሻቸው ተሸክመው ያወጡት ነበር፤ በሩ ሳይሠራ እሳቸው አረፉ። ከዚያ ወዲህ ከምድጃው በላይ ጢስ ሲጠጣ ኖሮ እንደ ድንጋይ ደርቋል።

«ልጄ፣» አሉኝ እማሆይ፤ እኔ ከእሳቸው የማንሰው ቢበዛ በአምስት ዓመት ነው። «ባለቤቴ ትከሻውን የላጠበት ሳንቃ ነው። ቢሰነጠቅብህ እንዳትነግረኝ። ስሞት እሱ ይንገረኝ።»

ይህን ሰምቼ ሳንቃውን ስሸከመው ከክብደቱ በላይ ከበደኝ።

እውነቱን ልናገር። እንዲህ ያለ አትሮንስ ሠርቼ አላውቅም። ሲሠራ ግን አይቻለሁ። አሊዩ አምባ ገበያ ሐጂ እንድሪስ የሚባል ወዳጅ አለኝ፤ ቁርኣን የሚዘረጋበትን ታጣፊ መቀመጫ ከአንድ ሳንቃ የሚያወጣ ሰው ነው። አንድ የገበያ ቀን አጠገቡ ተቀምጬ መጀመሪያውንና መጨረሻውን አይቻለሁ። መሀሉ ላይ በርበሬ ላስለካ ሄጄ ነበር።

ስለዚህ በማግስቱ ማልጄ ቁልቁለቱን ወረድኩ። ሐጂ እንድሪስ ከሱቁ ደጃፍ ተቀምጦ መሮውን ይስላል።

«ሱብሓነላህ!» አለ ነገሩን ስነግረው። «ሳታውቅ ልታስተምር ነው?»

«ልጆቹም ስለማያውቁ እኩል ነን።»

«እነሱ እናውቃለን ብለው አልማሉም። አንተ ግን ምለሃል!» ብሎ እስኪያስለው ሳቀ። ከዚያ አዘነልኝና አስረዳኝ። ሳንቃው ከላይና ከታች በውፍረቱ ለሁለት በመጋዝ ይሰነጠቃል፤ መሀሉ ግን አይነካም። መሀሉ ላይ እንደ ተጠላለፉ ጣቶች አምስት ጥርሶች ይወጣሉ። «አንደኛው ከፊት፣ ሁለተኛው ከኋላ፣ ሦስተኛው ከፊት፣ አራተኛው ከኋላ፣ አምስተኛው ከፊት ይቆረጣል። ተራውን ያዝ። አንዱን ጥርስ ከፊትም ከኋላም የነካኸው እንደሆነ ይወልቃል። ደግሞ ውስጡ አይታይም፤ መሳትህን የምታውቀው ስትከፍተው ነው። ያን ጊዜ ማወቅህ አይጠቅምህም።»

ዳገቱን ስወጣ እንደ ተማሪ እየደገምኩ ነበር፦ ከፊት፣ ከኋላ፣ ከፊት፣ ከኋላ፣ ከፊት። እኩሌታው ላይ ስደርስ ጨው የጫኑ አህዮች የሚነዳ የማውቀው ሰው አገኘኝ። አገራችን ሰላምታ እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ቤቱን ጠየቅሁ፣ ከብቱን ጠየቅሁ፣ የአማቱን ጉልበት ጠየቅሁ፤ እሱም የእኔን በቅሎ እግር ጠየቀኝ። ስንለያይ ሦስተኛዋ ጠፍታብኛለች። አንድ ቋጥኝ ላይ ተቀምጬ ፈለግኋትና አገኘኋት፤ ግን አንዴ የጠፋች ነገር ስትመለስም እንደ እንግዳ ነው የምትገባው።

ትምህርቱን የጀመርኩት ከመሪጌታ ጎጆ ጀርባ ባለው ዳስ ነው። ስምንቱ ተማሪዎች፣ ከአሥራ ሦስት እስከ አሥራ አምስት ዓመት የሚሆናቸው፣ በተርታ ተቀመጡ። ከሁሉም ፊት ተክሌ የሚባለው፤ አንድ ጊዜ የሰማውን የማይረሳ፣ መሪጌታ የሚኮሩበት ልጅ ነው።

እነዚህ ልጆች በሕይወታቸው አንድም ነገር አይተው ተምረው አያውቁም። ትምህርት ማለት ለእነሱ መምህር ይናገራል፣ ተማሪ ይቀበላል፤ አንዲት ቃል የጣለ አለንጋ ያገኘዋል። ይህን እኔ አላሰብኩትም። አንዲት የኮርች እንጨት ጉማጅ ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ እየሠራሁ መናገር ጀመርኩ። እንደ ማንኛውም ሽማግሌ፣ ስሠራ አፌ አያርፍም።

በማግስቱ ስመጣ ትምህርቴን በዜማ አድርገውት አገኘሁ። ስምንቱም እየተወዛወዙ እንዲህ ይላሉ፦

«መሮውን በግራ፣ መዶሻውን በቀኝ።
አንደኛውን ጥርስ ከፊት።
ሁለተኛውን ከኋላ፤ ወይኔ ጣቴን!
ሦስተኛውን ከኋላ፤ አይ፣ ተሳሳትኩ፣ ከፊት።
አራተኛውን ከኋላ፤ ያቺን ፍየል አባርሯት።
አምስተኛውን ከፊት፤ ተመስገን።»

ሳቄ መጣ። ሳቄንም እንዳይማሩት ፈርቼ በነጠላዬ አፌን ያዝኩ። በልቤ ግን ኮራሁ፤ የእኔን ቃል በዜማ የሚያደርግ ይመጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። «ተሳሳትኩ» ሲሉ እርማቱን ያወቁ መሰለኝ። እንደ እኔ ያለ ሰው የሚጠፋው በመሰለኝ ነው።

ለልምምድ የሰጠኋቸው ኮርች ለስላሳ ነው፤ የሁሉም ልጅ ሁለተኛውን ጥርስ ሳያልፍ ፍርስርስ አለ። ስለዚህ ሦስተኛው ላይ ምን እንደሚያደርጉ ያየ የለም። አንድ ነገር ግን አይቼ ነበር፤ ባየሁት ጊዜ መንቃት ነበረብኝ። ተክሌ ሁለተኛውን ጥርስ ከቆረጠ በኋላ መዶሻውን አነሣና አውራ ጣቱን ቀስ አድርጎ መታ። «ወይኔ ጣቴን፣» አለ፤ ሳይከፋው፣ እንደ ሥርዓቱ።

«ምን ነካህ?» አልኩት።

«እዚህ ላይ ነው አባባ፣» አለኝ። ጨዋታ መስሎኝ አለፍኩ።

በዓሉ ሦስት ቀን ሲቀረው የእማሆይን ሳንቃ አመጣሁ። ከልጆቹ ጋር ላይና ታቹን በመጋዝ ሰነጠቅን፤ አምስቱን ጥርሶችም በከሰል አሰመርኩ። ልክ መሮ ልንጀምር ስንል መሪጌታ አስጠሩኝ። እማሆይ ወለተ ለባለቤታቸው መታሰቢያ ዳቦ ጋግረው መጥተዋል፤ ሳልቀምስ ሥራ አይሆንም።

ተክሌን አየሁት። ትምህርቱን ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቀዋል። «ቃሉን እየደገማችሁ ቀጥሉ፣» ብዬ ሄድኩ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኸው ነው።

ጎጆው ከዳሱ ጋር ግድግዳ ለግድግዳ ነው። ዳቦው ከፊታችን ተቀምጧል። መሪጌታ ቆመው ጸሎቱን ጀመሩ፤ እኔና እማሆይም ቆምን። መሪጌታ ሲጸልዩ አዳምን ሳያነሡ ወደ ሙታን አይደርሱም።

ከግድግዳው ወዲያ ይሰማኛል። «አንደኛውን ጥርስ ከፊት!» ቋ፣ ቋ፣ ቋ። ደግ። «ሁለተኛውን ከኋላ!» ቋ፣ ቋ፣ ቋ። ደግ። «ወይኔ ጣቴን!» ከዚያ ጧ የምትል ትንሽ ድምፅ። ልጁ ጣቱን መታ። እዚህ ላይ ነው አንድ ቀዝቃዛ ነገር ከማጅራቴ ተነሥቶ በጀርባዬ የወረደው፤ በዚያው በሰፊው ጀርባዬ። ቃሉን አይደለም የተማሩት። የሆነውን ሁሉ ነው።

«ሦስተኛውን ከኋላ!»

ቋ።

መሪጌታ ገና ኖኅ ላይ ናቸው። ጸሎት አቋርጦ የወጣ ሰው በአገራችን ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። አንድ እግሬን ወደ በሩ አስጠጋሁ።

ቋ፣ ቋ።

መሪጌታ ዓይናቸውን ሳይገልጡ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። እግሬን መለስኩ።

«አይ፣ ተሳሳትኩ!» አሉ ስምንቱ በአንድ ድምፅ፣ በደስታ። «ከፊት!» ቋ፣ ቋ፣ ቋ።

«ልጆቹ ምን ይላሉ?» አሉኝ እማሆይ በሹክሹክታ።

«ትምህርት ነው እማሆይ።»

«ደግ፣ ደግ። መሳሳቱን የሚናዘዝ ልጅ ይባረካል።»

ወዲያው በበሩ ፊት አንድ ተማሪ ዱላ ይዞ ሽው ብሎ አለፈ። ባዶውን ሜዳ «እሽ! እሽ!» እያለ ሁለት ዙር አሯሯጠና ተመለሰ። ፍየል የለም። አራተኛው ጥርስ አለቀ ማለት ነው።

አሜን ሲባል ዳቦዬን በእጄ ይዤ ሮጥኩ። ከሮጥኩ ሃያ ዓመት ሆኖኛል፤ ጉልበቴ ምን እንደምፈልግ አልገባውም ነበር። ዳሱ ስገባ ሳንቃው ተዘግቶ፣ አምስቱም ጥርስ አልቆ፣ ስምንቱ ልጆች ዙሪያውን ቆመዋል። ሦስተኛው ጥርስ ከፊትም ከኋላም ተቆርጧል። ያልወደቀው የፍቅፋቂው ትቢያ ስለያዘው ብቻ ነው።

ተክሌ ፊቴን አየና ደነገጠ። «አባባ፣ አንዲት ቃል አልጣልንም፣» አለኝ።

አልጣሉም። እኔ ነኝ የጣልኩት።

እስከ ዋዜማው ያሉትን ቀናት እንዴት እንዳሳለፍኳቸው አትጠይቁኝ። ሙጫ ልቀባ አሰብኩ፤ ሙጫ ያፈሰስኩበት እንደሆነ መታጠፊያው አብሮ ተጣብቆ ለዘላለም አይከፈትም። ደነባ ያለችው ልጄ ዘንድ ልሂድ አሰብኩ፤ በቅሎዬ አንካሳ ናት። እማሆይን መንገድ ላይ ሳይ በሌላ መንገድ ሄድኩ። አትሮንሱን ግን ማንም እንዳይነካው እንደ ሕፃን በጋቢ ጠቅልዬ አቅፌው ዋልኩ። ልጆቹ የጥበቡ ምሥጢር መስሏቸው ከሩቅ አዩኝ።

የበዓሉ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ሰው ተሰበሰበ። እማሆይ ወለተ ከፊት ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ባለፈው ጀርባው የጎበጠው ዲያቆን ከሁሉ በፊት መጥቷል፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። እንደ እሱ አምርሮ የጸለየ ሰው ያን ቀን አልነበረም።

«ክፈተው፣» አሉኝ መሪጌታ።

ሁለቱን ክንፎች ያዝኩ። ሳብኩ። አልተከፈተም። እንደገና ሳብኩ፤ ቋ አለ። የእንጨቱ ይሁን የወገቤ አላወቅሁም። መሪጌታ ጀርባዬን ሲያዩ ተሰማኝ። ለሦስተኛ ጊዜ ዓይኔን ጨፍኜ ሳብኩ፤ ዋንዛው እንደ አሮጌ በር ሲጥ ብሎ፣ እንደ መጽሐፍ ወለል ብሎ ተከፈተ።

እልልታው ቀለጠ። ዲያቆኑ አለቀሰ።

እልልታው መሀል ጠብ የሚል ነገር መሪጌታ እግር ሥር ወደቀ። ሴቶቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ። መሪጌታ ጎንበስ ብለው አነሡት፤ አገላበጡት።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ጥርስ ነው።»

«የማን?»

«የአትሮንሱ።»

መሪጌታ መታጠፊያውን አዩ። ከአምስቱ ጥርሶች መሀል በሦስተኛው ቦታ ሰማይ ይታያል። ቀኝ እጃቸው ወደ መቀነታቸው፣ ወደ አለንጋው ሄደ። ድምፃቸው በጣም ዝቅ አለ።

«መሮውን የያዘው ማን ነበር?»

ተክሌ አንድ እርምጃ ወደፊት ወጣ። ከንፈሩ አመድ ሆኗል። እማሆይ ፊታቸውን ቅጥሩ ውስጥ ወዳለው ዋርካ አዞሩ፤ እንዳይነገራቸው ነው።

ፈሪ ሰው ነኝ፤ ግን ይህን ልጅ ሳየው በመሀላቸው ገባሁ። «ይቆዩ መሪጌታ፣» አልኩ። «ልጁ ምንም አላጠፋ። እኔ ነኝ። ሲማሩ ‹ሦስተኛውን ከኋላ› ያልኩት እኔ ነኝ!»

«አይ፣ ተሳሳትኩ፣ ከፊት!» አሉ ስምንቱም በአንድ ድምፅ።

አስበው አይደለም። ግማሹን የሰማ ተማሪ ግማሹን መመለስ ስላለበት ነው። እንዲያውም አንደኛው «አራተኛውን ከኋላ» ብሎ ዱላውን ይዞ ሊሮጥ ሲል ጓደኛው በነጠላው ጎትቶ አስቀረው።

መሪጌታ እጃቸው አለንጋው ላይ እንዳለ ቀሩ። ልጆቹን አዩ፣ ጥርሱን አዩ፣ እንደገና ልጆቹን አዩ። ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም፤ አንድ የቆየ ነገር የሚያስታውስ ሰው ፊት ነበር። ቀርበው በጆሮዬ እንዲህ አሉኝ፦

«በዜማችን አንድ ቦታ አለ። እዚያ ስንደርስ ሁላችንም እህ እህ ብለን እንስላለን። እኔ ሠላሳ ዓመት አስልቼ አስተምሬያለሁ።» ጥርሱን በእጃቸው አገላበጡ። «መምህሬ ደረታቸውን ያማቸው ነበር።»

ከዚያ እጃቸውን ከአለንጋው አነሡ። ድምፃቸውንም፣ እግዜር ይስጣቸው፣ ከፍ አደረጉ። «ተከፍቷል! ነገ መጽሐፉን ከተሸከመ ያልፍለታል። ካልተሸከመ...» አሉና አልጨረሱትም። እኔም እንዲጨርሱት አልፈለግሁም።

በማግስቱ አትሮንሱ ቅኔ ማህሌቱ ውስጥ ቆመ፤ በአራት ጥርስ። ትልቁ መጽሐፍ ሲዘረጋበት ክንፎቹ ትንሽ አቃሰቱ። አላስቻለኝም። ሄጄ ከሥሩ ተንበረከክሁ፤ በነጠላዬ ከልዬ፣ ሰው ሳያየኝ፣ እጄን ዘርግቼ ከመታጠፊያው በታች ያዝኩ። ከወደቀ በእኔ ላይ ይውደቅ።

ሽማግሌው ቄስ ማንበብ ጀመሩ። የዚያን ቀን ዓይናቸው እንደ ወትሮው እንኳ አልነበረም። አንዱን ገጽ ሲጨርሱ ጉልበቴ የእኔ መሆኑን ተወ። ሁለተኛው ላይ ክንዴ ደነዘዘ። ዝንብ አፍንጫዬ ላይ አርፎ እንደ ባለ ርስት ተደላደለ። «ምን ያለ ጻድቅ ሽማግሌ ነው!» ስትል አንዲት ሴት ሰማሁ። ላብ በዓይኔ ሲገባ ደግሞ «እዩት፣ ያለቅሳል!» አለች።

በመጨረሻ መጽሐፉ ተነሣ። አትሮንሱ ቆሟል። ነጠላዬን ገልጬ እጄን ላወጣ ወደ ታች ባይ፣ መዳፌ ከእንጨቱ አንድ ጣት ርቆ ነበር። ያን ሁሉ ሰዓት የያዝኩት አየር ነው። ዋንዛው፣ የእማሆይ ባለቤት ትከሻቸውን የላጡበት ዋንዛ፣ ብቻውን ሲሸከም ኖሯል።

ቀና ስል እማሆይ ወለተ ያዩኛል። «አልነገርከኝም፣» አሉኝ ፈገግ ብለው። «ደግ አደረግህ።»

እዚህ ላይ ባበቃ ጥሩ ነበር። ግን በዓመቱ ያው በዓል ሲመጣ መጽሐፉ ተዘረጋ፤ ሽማግሌው ቄስም ተነሡ። ይሄኔ ተክሌ ከመሀል ወጣ፤ በጸጥታ ሄዶ ከአትሮንሱ ሥር ተንበረከከ። በነጠላው ከለለና እጁን ዘረጋ፤ ከእንጨቱ አንድ ጣት አርቆ።

ንባቡ ሲያልቅ ጠርቼ «ምን እያደረግህ ነው?» አልኩት።

ጥያቄው ገረመው። «እዚህ ላይ ነው አባባ፣» አለኝ።